ከሲምባሉ በታች

ሲምባሉ የወደቀው ሙሽሮቹ ገብተው፣ እራት ተበልቶ፣ ጉራጌኛው ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ የሰርግ አዳራሽ፣ በጠባብ መድረክ ላይ አምስት ሙዚቀኞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይጫወታሉ። ድራመሩ በግራ ዓይኑ ጠርዝ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። ባለ 20 ኢንቹ ሲምባል የተንጠለጠለበት ረጅም ክንድ፣ ነፋስ እንደነካው በር፣ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይዞራል። ሁለት እጁም ሁለት እግሩም ሥራ ላይ ናቸው። አሁኑኑ ይያዘው ወይስ አዝማቹ እስኪያልቅ ይታገሥ እያለ ሲያመነታ ስታንዱ ቀደመው። ሲምባሉ፣ ክንዱና ቋሚው አንድ ላይ ተገነደሱ።

የክራር ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሸሽቶ ተረፈ። ክራሩ አልተረፈም። አንደኛው ቋሚ ከመሃሉ ተሰበረ፤ ገበቴውም ተሰነጠቀ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የሙሽራዋ የእህት ልጅ፣ የአምስት ዓመት ሕፃን፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆማ እስክስታ ትሞክር ነበር። እናቷ ጭማቂ ልታጠጣት ጠርታት ነው የሄደችው። ሽማግሌው የክራር ተጫዋች ስብርባሪውን ከወለሉ ሰብስበው ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ «ሰው ላይ አልወደቀ፤ ተመስገን» አሉ። የቀረውን ምሽት በጭብጨባ ጨረሱት። ክራሩን አዲስ አበባ ያሠሩት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ የሠራው ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

ዕቃ ሲጫን ድራመሩ፣ «ርካሽ ብረት ነው፤ ምን ይደረግ!» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ርካሽ ብረት ለማንኛውም አደጋ ጥሩ ማብራሪያ ነው። ማንንም አያስከስስም።

ከበሮ አንግቶ የሚመታ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። ማንገቻ፣ ትከሻና ሁለት እጅ ይበቃዋል። የዘመናዊው ድራም ነገር ሌላ ነው። ሰው ሲገዛው የሚያየው የእንጨቱን ቀለም ነው፤ የሚያወራው ስለ ሲምባሉ ድምፅ ነው። ሲምባሉን አየር ላይ የሚያቆመው፣ ሃይሃቱን የሚከፍትና የሚዘጋው፣ ስኔሩን እንደ ሕፃን አቅፎ የሚይዘው ብረት ግን ስም እንኳ በቅጡ የለውም፤ በደፈናው «ስታንድ» ይባላል። ከመኪና ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ሻንጣ የብረቱ ነው። በየሳምንቱ የሚፈታ፣ የሚገጠም፣ በደረጃ የሚጎተት፣ በብርድ አድሮ በሙቀት የሚሠራ፣ ቢራ የሚፈስበትም እሱ ነው።

ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ መጥቶ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ዋሽንግተን ከቀሩ ወዲህ፣ በዚህ ከተማ ለሚኖር ሙዚቀኛ ሁሉ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን በመኪናው ኮፈን ይዞ ይዞር፣ ዳላስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅም አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ይህን የሚሰሙ ድራመሮች ያደንቃሉ፤ ትንሽም ይቀናሉ። ድራም በታክሲ ኮፈን ይዞ ተራ መጠበቅ አይሞከርም።

ይህ ድራመር በሥራ ቀናት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ፣ ልደት፣ አንዳንዴም ክለብ ይጫወታል። ለአንድ ሰርግ 250 ዶላር ይከፈለዋል። አዲስ፣ ደህና የሚባል ቡም ስታንድ ብቻውን ከዚህ ላይ ቀላል የማይባል ገንዘብ ይወስዳል። እሱ የሚያስፈልገው አንድ አይደለም፤ የክራሩም ዕዳ አለበት። ስለዚህ ያገለገለ መፈለግ ግድ ሆነ።

የሚገርመው ያገለገለ ብረት መምረጥ ለእሱ አዲስ ሙያ አለመሆኑ ነው። አባቱ መካኒክ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃቸውን አስከትለው ሶማሌ ተራ ይወርዱ ነበር። በዚያ ቀለም የተቀባ ዕቃ የሚያሳይ ነጋዴ ሲመጣ፣ «ቀለሙን ለእናትህ አሳያት» ብለው ያልፉታል። ዕቃውን ያነሱና በጥፍራቸው ይገርፉታል፤ ያዳምጡታል፤ የሚዞረውን ያዞሩታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሱን በጣታቸው ይዳብሱታል። የድራም ብረትም ቢሆን ከአባቱ ጋራዥ ቃላት አይወጣም። ብሎን አለው፤ ዳዶ አለው፤ ሮንዴላ አለው። ፔዳሉ ሞላ፣ ካቴናና ኩሽኔታ አለው። ጣሊያን ጥሎት የሄደው የጋራዥ ቋንቋ፣ አሜሪካ የተሸጠን የጃፓን ስታንድ ከእግሩ እስከ ራሱ ይጠራዋል። ሰውዬው ግን ድራም የሙዚቃ ዕቃ ነው ብሎ ስላሰበ ይሁን፣ አገር ስለለወጠ፣ የአባቱን ጣት ለዚህ ተጠቅሞበት አያውቅም። እስከዚያ ድረስ የገዛውን ሁሉ የገዛው በፎቶ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ዉድብሪጅ ነዳ። ልጃቸው ኮሌጅ የገባላቸው ባልና ሚስት ሦስት ስታንድ በ60 ዶላር ይሸጣሉ። ክሮሙ ፊት ያሳያል። እግሮቹ ስስ ቆርቆሮ ናቸው፤ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት በአውራ ጣት ሲገፋ ይተጣጠፋል። እንዲህ ያለው ስታንድ ያልተጎዳው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ ሥራ ሠርቶ ስለማያውቅ ነው። ድራመሩ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ መቁጠር ከጀመረ በኋላ፣ የወደቀውም ስታንድ ሲገዛ እንዲሁ ያብረቀርቅ እንደነበር ትዝ አለው። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ሴትየዋ ወደ 45 ዶላር ዝቅ ብላ እስከ መኪናው ሸኘችው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነበር። ሻጩ ሰባዎቹን ያጋመሱ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በክለብ፣ በሰርግና በቤተ ክርስቲያን ሲጫወቱ ኖረው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ለራሳቸው አንድ ስኔርና አንድ ሲምባል አስቀርተው ሌላውን ሊሸጡ የወሰኑ። ጋራዣቸው ውስጥ በ1980ዎቹ የተሠሩ የያማሃ ስታንዶች በብርድ ልብስ ላይ ተደርድረዋል። ክሮማቸው በነጠብጣብ ዝገት ተበልቷል። ላይ ላዩን ሲታዩ ማንም በነፃ የማይወስዳቸው ይመስላሉ።

ሽማግሌው ግን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ለምን ትፈልጋለህ?» አሉት። ነገራቸው። «የወደቀው የታለ?» አሉ። መኪናው ውስጥ ነበር። «አምጣው።»

ብርድ ልብሱ ላይ አጋድመው እንደ አሣ ፈለቀቁት። የላይኛውን ቱቦ ከታችኛው መዘው አወጡና አፉን ወደ ብርሃን አዞሩት። ቱቦ በቱቦ ውስጥ ሲገባ በመሃላቸው አንድ የፕላስቲክ ቀለበት አለ፤ ባለ ክንፉ ብሎን ሲጠብቅ ቀለበቱ ዙሪያውን ጨምቆ ቱቦውን እኩል ይይዘዋል። የዚህኛው ቀለበት ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ከፊሉም ወድቆ ጠፍቷል። ድራመሩ ባየው ጊዜ በአማርኛ «ጎሚኒ!» አለ፣ ሳያስበው። በብረትና በብረት መሃል የሚገባውን ጎማ አባቱ የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። መኪና ሲንኳኳ ሁሉ ሰው ብረቱን ሲጠረጥር እሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጎሚኒውን ነው።

ቀለበቱ ሲሰነጠቅ የብሎኑ ጫፍ በቀጥታ ቱቦውን ይወጋል። ቱቦው ይጎደጉዳል፤ ክብነቱን ያጣል። ክብ ያልሆነ ቱቦ አጥብቆ አይያዝም። ስለማይያዝ ሰው የበለጠ ያጠብቀዋል፤ በጠበቀ ቁጥር የበለጠ ይጎደጉዳል። በመጨረሻም ከላይ ያለው ክንድ በእያንዳንዱ ምት በትንሽ በትንሹ ይዞራል። ሦስት እግር ያለው ነገር ሸክሙ ከአንዱ እግር በላይ እስካለ ድረስ አይወድቅም። ክንዱ ዞሮ በሁለት እግሮች መሃል ወዳለው ባዶ ቦታ ሲደርስ ግን ሲምባሉ ይጎትተዋል። የዚያን ምሽት የታየው በር መሳይ እንቅስቃሴ ይህ ነበር።

ሽማግሌው ከዚያ ባለ ክንፉን ብሎን አነሱና ክንፎቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ክንፎቹ ላይ በሁለቱም በኩል የጥርስ ምልክት የመሰለ ጭረት አለ።

«ፒንሳ ትጠቀማለህ?»

«አንዳንዴ።»

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ብሎኑን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

ለነገሩ አብዛኛው የሰርግ ድራመር ፒንሳ ይይዛል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ በላብ በራሰ እጅ፣ ክንፍ ያለው ብሎን እምቢ ሲል ፒንሳ ያልነካ ካለ ጥቂት ነው። ግን ክንፉ የተሠራው ለጣት ነው። ጣት ሊያጠብቀው ከሚችለው በላይ እንዳይጠብቅ ክንፉ ራሱ ወሰን ነው። ይህን ማንም ለማንም አይነግርም፤ ስታንድ ደግሞ መመሪያ ይዞ ቢመጣም መመሪያውን ያነበበ ድራመር እስካሁን አልታየም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግዢ ሳይሆን ትምህርት ነው። ሽማግሌው እያንዳንዱን ዝገታም ስታንድ እያነሱ ሰጡት፤ ድራመሩም በዚያ ጋራዥ የአባቱ ልጅ ሆነ። እግሮቹን ከፍቶ ጫፋቸውን ይዞ ወዘወዘ፤ የሚንኳኳ ከሆነ መጋጠሚያው አልቋል ማለት ነው። ቱቦዎቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አንከባለላቸው፤ የታጠፈ ቱቦ ሲንከባለል ያነክሳል። ብሎኖቹን በአንድ ጣት ከመጀመሪያው ጥርስ እስከ መጨረሻው አዞረ፤ መሃል ላይ የሚከብድ ጥርሱ ተበልቷል፤ ከመጠን በላይ የሚቀልም ላሽቋል። ብሎኑ የሚገባበት ወፍራሙ ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ውሕድ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት እንደ አረብ ብረት አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የብሎኑን ቀዳዳ ዙሪያ በስልኩ መብራት አየ። ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ያ ስታንድ ውበቱ ምንም ቢሆን አይገዛም። ነጠብጣቡ ዝገት ግን የፊት ጠባሳ ነው። ሥራ አይከለክልም። የእግር ጎማ ቢጠፋ በሦስት ዶላር ይተካል። ሲምባሉ የሚቀመጥበት ፕላስቲክ ሽፋን ቢጠፋም ይተካል፤ እሱን ሳይተኩ መጫወት ግን ሲምባሉን በሞረድ እንደ መሞረድ ነው፤ ብረቱ ቀስ በቀስ ቀዳዳውን ይበላዋል።

አንዱ የሚያምር ስታንድ በዚህ ፈተና ወደቀ። ድራመሩ ስንጥቁን ሲያሳያቸው ሽማግሌው ሳቁና ወደ ቆሻሻው ጥግ ወረወሩት። ያዩት እንደነበር ግልጽ ነው።

ገና ሲመጣ የፈለገው ከሁሉ የከበደውን ነበር። ከወደቀ በኋላ ሰው ሁሉ ክብደት ይፈልጋል። ባለ ድርብ እግር ቡም ስታንድ አንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ አምስቱ በአንድ ሻንጣ ሲገቡ የአውሮፕላን ሻንጣ ያህል ናቸው፤ ይህም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ደረጃ ይወጣል። ሽማግሌው ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው አሳዩት። ሃይሃት ከራሱ በላይ የሚዘረጋ ክንድ የለውም፤ ነጠላ እግር ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ የሚቆም ትንሽ ሲምባልም እንዲሁ። ድርብ እግር የሚያስፈልገው ረጅም ክንድ ላይ ከባድ ሲምባል ለሚሸከመው ነው። ለእሱም ቢሆን ክንዱን ከእግር በላይ ማቆም ከሁለት ኪሎ ብረት ይሻላል። ቁመቱን የሚይዘው ቀለበትም አለ፤ ቱቦው ላይ ይታሰርና ከታችኛው አፍ ጋር ይጠላለፋል፤ ብሎኑ ቢላላ እንኳ ቱቦው አይወርድም፤ አይዞርምም። ሮጀርስ የተባለው የአሜሪካ ድራም ሠሪ በ1970ዎቹ አጋማሽ «ሜምሪሎክ» ብሎ ያወጣው ሐሳብ ነው፤ ዛሬ በሁሉም ዘንድ አለ። በጥቂት ዶላር የሚገዛ ቀለበት የክራር ተጫዋቹን ክራር ያተርፈው ነበር።

ስለ ፔዳል ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወደ ጎን ሲገፋ የማይወዛወዝ፣ ኩሽኔታው የማይንሸራሸር፣ ከሁሉም በላይ መለዋወጫው የሚገኝ ይሁን። የዲደብሊው 5000 ፔዳል ከካምኮ ንድፍ የተወለደ አሮጌ ነገር ነው፤ የሠራተኛ ፔዳል ሆኖ የኖረበት አንዱ ምክንያት ሞላውም ካቴናውም ለየብቻ ስለሚሸጥ ነው። መለዋወጫ የሌለው ዕቃ የቱንም ያህል ቢጠነክር በመጀመሪያው ስብራት ያልቃል። ይህንን ለሶማሌ ተራ ሰው ማስረዳት አይገባም።

ሁለት ቡም፣ አንድ ሃይሃትና አንድ የስኔር ስታንድ በ180 ዶላር ተሸጡ። ቀለበቶቹን ሽማግሌው መረቁለት። ፒንሳውን ይጥለው ዘንድ አልመከሩትም፤ ሲሸኙት ብቻ ሁለት ጣታቸውን፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ ከፍ አድርገው አሳዩት።

በማግስቱ ስልክ መጣ። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ፣ ቸርች ውስጥ የሚጫወት የ23 ዓመት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ያ የድሮው ስታንድ የማይፈልጉት ከሆነ 40 ዶላር ልስጥዎት? ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ አዲስ ነው የሚመስለው።»

እውነት ነው፤ አዲስ ይመስላል። 40 ዶላር ደግሞ ለክራሩ ማስጠገኛ ከሚፈለገው ላይ ደህና ቁራሽ ናት። አዲስ የፕላስቲክ ቀለበት ቢገባበት ለአንድ ወር፣ ምናልባት ለሁለት ወር ይቆም ይሆናል። ከዚያ የጎደጎደው ቱቦ ቀለበቱን ይበላውና ልጁ ፒንሳ ይገዛል። ድራመሩ ስልኩን ይዞ ትንሽ ዝም አለ። ልጁ ዝምታውን የዋጋ ድርድር መስሎት፣ «50 አድርጌ ልስጥ?» አለ።

ልጁን ቤቱ ጠራው። ስታንዱን ወጥ ቤት ወለል ላይ ፈታታውና የተሰነጠቀውን ቀለበት፣ የጎደጎደውን ቱቦ፣ የፒንሳውን ጥርስ አሳየው። እግሮቹ ደህና ናቸው፤ ሲምባል የሚቀመጥበት ጫፍም ደህና ነው፤ ጥርሱ 8 ሚሊ ስለሆነ ከብዙ ስታንድ ጋር ይገጥማል። እነዚህን ከብሎኖቹ ጋር በፌስታል አድርጎ በነፃ ሰጠው። ቱቦውን ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት ለሁለት አጥፎ ጣለው። ልጁ በፌስታል ብሎን ይዞ ሲወጣ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ስታንድ ሊገዛ ነው የመጣው።

የክራር ተጫዋቹ ቤት መሄድ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሲደርስ ሽማግሌው ገበቴውን በሙጫ አጣብቀው በገመድ ጠፍረውታል፤ ለተሰበረው ቋሚ ምትክ ከአዲስ አበባ ሰው ይዞላቸው እየመጣ ነው። ቡና ቀረበ። ድራመሩ ገንዘቡን በፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ርካሽ ብረት ነው ያልኩት ልክ አይደለም። እኔ ነኝ። በፒንሳ እያጠበቅሁ ነው የሰበርሁት» አለ።

ሽማግሌው ገመዱን ላላ አድርገው ገበቴውን አዩ። «አውቃለሁ» አሉ። «ሁልጊዜ ከጎንህ አይደለሁ የምቀመጠው?»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«እኔ ድራም ምን አውቄ? ክር እንደዚያ ቢወጠር ይበጠሳል ብዬ በልቤ አስቤ ነበር። ለብረት ሌላ ሕግ ያለው መስሎኝ ተውሁት።»

ፖስታውን ግማሹን ወሰዱ፤ ግማሹን መለሱለት። ክርክር ነበረ፤ አሸነፉ።

በቀጣዩ ሰርግ ድራመሩ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የረጅሙን ስታንድ አንድ እግር ወደ ግራ አዞረ፤ ክንዱን ከእግሩ በላይ አደረገ፤ ቀለበቱን አጠላለፈ፤ ብሎኑን በሁለት ጣት አጠበቀ። ዝገቱ በመድረኩ መብራት ጎልቶ ይታያል፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ጨርቅ ይሸፈን እንደሆነ ጠየቀ። ሽማግሌው የታደሰ ክራራቸውን ይዘው ገቡ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ወንበራቸውን አነሱና ወደ መድረኩ ሌላኛው ጫፍ፣ ከኪቦርዱ ጎን ወስደው ተቀመጡ። ድራመሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ጎንበስ ብሎ ስታንዱን ያዘና በኃይል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ገፋው። አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው ከዚያ ማዶ ያዩ ነበር፤ ወንበራቸውን ግን አልመለሱም።